ርካሽ የእጅ ባትሪ አመራረጥ፦ ከብርሃኑ በፊት ድንጋዩን ይዩ

በአማርኛ «ባትሪ» ስንል በእጅ የሚያዘውን መብራትም፣ ውስጡ የሚገባውንም ማለታችን ነው። እዚህ እንዳይምታታ በእጅ የሚያዘውን ባትሪ እንለዋለን። ውስጡ የሚገባውን፣ ቻርጅ የሚደረገውንም የማይደረገውንም፣ ሱቅ ላይ እንደሚባለው ድንጋይ እንለዋለን።

ርካሽ ባትሪ ገዝቶ በሁለት ወሩ የሚጥል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጠውን ክፍል) ነው የሚጥለው። ያለቀው ድንጋዩ፣ የላላው ማብሪያው ወይም የዛገው ሞላ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገብቶ «የትኛው ይበልጥ ያበራል?» ከማለት በፊት «የምን ድንጋይ ነው የሚበላው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ያድናል።

መጀመሪያ፦ ስንት ብርሃን ይበቃዎታል?

ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ለማንበብ ወይም ሌሊት ሕፃን ሳይቀሰቅሱ ለመነሳት ከ5 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ለመውረድ ወይም ግቢ ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ለመሄድ ከ30 እስከ 100 ሉመን ይዞ መውጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ወደ ኮርኒስ ማብራት አንድ ክፍል ራት ለመብላት እስኪበቃ ያደምቃል፤ ለዚህ ከ100 እስከ 200 ሉመን ያስፈልጋል። ኮርኒሱ ነጭ መሆን አለበት፤ ጭስ የጠገበ ጣሪያ ብርሃኑን ይውጠዋል። ለዕለት ሥራ ከ300 ሉመን በላይ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ርቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ሌሊት ኪዳን ለማድረስ ወይም ለሱብሒ ሶላት በጨለማ የሚወጣ ሰው፣ የግቢ ጥበቃ፣ በረት የሚጠብቅ ገበሬ ጅቡን ከሩቅ ማየት ይፈልጋል። ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚወረወር የሚነግረው ካንዴላ ነው። በ2009 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ኤፍኤል 1 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ የባትሪን ርቀት የሚቆርጠው ብርሃኑ እስከ 0.25 ሉክስ በሚደክምበት ቦታ ነው፤ ይህም ጥርት ባለ ሌሊት የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በ2 ያባዙ። 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር ይሰጣል። ግን በ100ኛው ሜትር ላይ «አንድ ነገር አለ» ከማለት በቀር ምንነቱን መለየት አይቻልም። ለእውነተኛ አጠቃቀም የተጻፈውን ርቀት በግማሽ ይቁጠሩት። የጅብ ዓይን ብርሃን ስለሚመልስ ከዚያ ርቆም ያበራል፤ ሰውነቱን ግን አያሳይዎትም።

ሁለት እጅ የሚያስይዝ ሥራ ካለ፣ ላም ማዋለድ፣ ማለብ፣ የመኪና ጎማ መቀየር፣ በእጅ የሚያዘውን ትተው በግንባር የሚታሰረውን ይግዙ። ባትሪ በጥርስ ነክሶ መሥራት ጥርሱንም ባትሪውንም ይጎዳል።

የብርሃኑን ቀለምም ይዩ። ርካሾቹ ብዙዎቹ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ፣ ኬልቪን በተባለው የብርሃን ቀለም መለኪያ 6,500ና ከዚያ በላይ ናቸው። ለመንገድ ችግር የለውም። ቀይን ከቡናማ ሽቦ ለሚለይ ኤሌክትሪሻን፣ ቁስል ለሚያይ ሰው፣ ማታ ምስር ለምትለቅም እናት ግን ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለው በጣም ይሻላል። ሱቅ ውስጥ መፈተኛው እጅዎ ነው፦ መዳፍዎ ላይ ያብሩት። ሥጋው ግራጫ ከመሰለ ቀለም አያሳይም፤ ደሙ ከታየ ደህና ነው።

ድንጋዩን መምረጥ

ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ባትሪዎች በድንጋያቸው በአራት ይከፈላሉ።

ትንንሽ ድንጋይ የሚበሉት። ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ በፕላስቲክ ማቀፊያ የሚገባባቸውና ዘጠኝ ትንንሽ ኤልኢዲ ፊታቸው ላይ የተደረደረባቸው በዚህ ይመደባሉ። ሲገዙ በጣም ርካሽ ናቸው፤ ሲጠቀሙባቸው ግን ውድ ናቸው። አንድ ቀጭን አልካላይን (ከተራው ረዘም የሚያገለግለው ድንጋይ) 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ሚሊአምፒር ሰዓት ድንጋዩ የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው። ዘጠኙ ኤልኢዲ ወደ 200 ሚሊአምፒር ሲስቡ ጥሩ ብርሃን የሚያገኙት ለ5 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። በየማታው አንድ ሰዓት ካበሩ በወር 6 ጊዜ መቀየር፣ ማለትም 18 ድንጋይ ነው። ባለሱቁን የአንዱን ድንጋይ ዋጋ ይጠይቁና በ18 ያባዙት፤ ከባትሪው ዋጋ ጋር ያወዳድሩት።

ድንጋይ ሲገዙ ልጣጩ ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ። «አር6» (መካከለኛው) ወይም «አር03» (ቀጭኑ) ብቻ ከሆነ ተራው የዚንክ ካርቦን ነው። ከፊቱ «ኤል» ካለች፣ «ኤልአር6» ወይም «ኤልአር03» ከሆነ፣ አልካላይን ነው። ተራው ብዙ ኃይል በሚስብ ባትሪ ውስጥ ከአልካላይኑ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው፤ ለግድግዳ ሰዓትና ለሬዲዮ ይስማማል። ማሸጊያውን ሳያነቡም በእጅ ይለያል፦ መካከለኛው አልካላይን 23 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ተራው ከዚያ በግልጽ ይቀላል።

ሦስቱን ሁልጊዜ አንድ ላይ ይቀይሩ። አሮጌ ከአዲስ ሲቀላቀል ደካማው ባዶ ከሆነ በኋላም ሌሎቹ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስገድዱበታል፤ ያን ጊዜ ያፈስና ፈሳሹ ሞላውን ይበላዋል።

ወፍራሙን ድንጋይ የሚበሉት። ድሮ በክር አምፖል ይሠሩ የነበሩት፣ አሁን በኤልኢዲ የሚሠሩት ባለሁለት ድንጋይ ባትሪዎች ናቸው። ከባድና ግዙፍ ናቸው፤ ይሁን እንጂ መብራት ላልገባበት አካባቢ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ወፍራም አልካላይን ከ12,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በላይ ይይዛል። ተራውም ቢሆን ኤልኢዲው ትንሽ ስለሚስብ ብዙ ማታ ያበራል።

ሶኬት ላይ የሚሰኩት። ከጎናቸው ሁለት እግር ያለው መሰኪያ የሚመዘዝ፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች በየቤቱ አሉ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ባለ4 ቮልት የታሸገ የእርሳስ አሲድ ድንጋይ ነው፤ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ስለ እነዚህ ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚከስርባቸውም የሚጎዳባቸውም እነሱ ናቸው።

የእርሳስ አሲድ ድንጋይ ባዶውን መቀመጥ አይችልም። እስኪጠፋ አብርተው መሳቢያ ውስጥ ከጣሉት ውስጡ ያለው ሳህን ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከሳምንታት በኋላ ቢሰኩትም አይቀበልም። «ቻርጅ አይዝም» የሚባለው ይህ ነው። በተቃራኒው ርካሾቹ ሲሞሉ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ስለሌላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲሰኩ ውሃቸው ይደርቃል። ስለዚህ ብርሃኑ መድከም እንደ ጀመረ ይሰኩት፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አያሳልፉ፤ ባይጠቀሙበትም በወር አንድ ጊዜ ይሙሉት።

የደኅንነቱ ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ብዙዎቹ ውስጥ ትራንስፎርመር የለም፤ 220 ቮልቱን የሚቀንሰው አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው። ይህ ቮልቱን ቀነሰ እንጂ ባትሪውን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ አልለየውም፤ ባትሪው ተሰክቶ ሳለ ውስጡ ያለ ብረት ሁሉ ሰው ሊገድል ይችላል። ተሰክቶ ሳለ በካቻቢቴ አይክፈቱት፣ የተሰነጠቀውን አይሰኩ፣ ልጆች እየተሰካ እንዲጫወቱበት አይፍቀዱ። ተሰክቶ ማብራትም አይገባም፦ ድንጋዩ ከደከመ ቮልቴጁን የሚይዘው ስለሌለ ኤልኢዲዎቹን ባንዴ ያቃጥላቸዋል።

ሊቲየም የሚበሉት። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረጉት ናቸው። ከእነሱም 18650 የሚባለውን ድንጋይ የሚቀበለውና ድንጋዩ የሚወጣው ይመረጣል። ስሙ ልኩን ይነግራል፦ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። ማውጣት የማይቻለው ግን ድንጋዩ ሲያረጅ ባትሪው አብሮ ይጣላል። 2,600 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው እውነተኛ ድንጋይ በ3.6 ቮልት 9.4 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። በ100 ሉመን ወደ 9 ሰዓት ያበራል፤ በመቶዎች ጊዜም ቻርጅ ይደረጋል። መብራት እየመጣ ለሚሄድበት ቤት ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምርጫ የለም።

ችግሩ የሐሰት ድንጋይ ነው። በዚህ ልክ የሚሠራ የተለመደ ጥሩ ድንጋይ ጣሪያው 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። 6,800 ወይም 9,900 የተጻፈበት ድንጋይ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ ያለው ከ1,000 እምብዛም አይበልጥም። ማጋለጫው ሚዛን ነው፦ ጤነኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ግራም የሚለይ ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ካወቁ አስመዝኑት። 30 ግራም ከሆነ መልሱት።

ሲይዙትም ጥንቃቄ አለው። ልጣጩ በፖዘቲቩ ጫፍ አካባቢ ከተቀደደ ጠርዙ ኔጌቲቭ ስለሆነ አንድ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ሁለቱን ቢያገናኝ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ለብቻው አይያዝ። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን፣ የተሰረጎደውን፣ የሚሞቀውን እንደገና ቻርጅ አያድርጉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተነቀለ ድንጋይ ታሪኩ አይታወቅምና ለቤት አይመከርም። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው አንዳንድ ባትሪ ላይ አይነካም፣ ባለ ጡቱ ይነካል። መከላከያ የተገጠመለት ደግሞ እስከ 70 ሚሊሜትር ስለሚረዝም ክዳኑ ላይገጥም ይችላል። ሱቁ ውስጥ አስገብተው ይዩ።

መካከለኛውን ድንጋይ የሚመስል 14500 የሚባል ሊቲየምም አለ። 1.5 ቮልት ለሚበላ ባትሪ 3.7 ቮልት ይሰጠውና ያቃጥለዋል። ባትሪው ራሱ «ሁለቱንም እቀበላለሁ» ካላለ አያስገቡት።

የካርቶኑን ቁጥር ማጣራት

ተራ ኤልኢዲ ባትሪ ከአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ያወጣል። ይህችን ቁጥር ይዞ ካርቶን ማንበብ ይቻላል። «10,000 ሉመን» የሚል ጣት የሚያህል ባትሪ 100 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ 18650 ይህን ለመስጠት 27 አምፒር ማፍሰስ አለበት። ቢችል እንኳ በ6 ደቂቃ ያልቃል፣ እጅም ያቃጥላል። እውነተኛው ከ200 እስከ 500 ሉመን ቢሆን ነው። መጥፎ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ዋጋውን ግን ለ10,000 ሳይሆን ለ300 ሉመን ይክፈሉ።

«20 ሰዓት ያበራል» የሚለውም ማብራሪያ ይፈልጋል። በኤፍኤል 1 መለኪያ የቆይታ ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው 10 በመቶ እስኪቀር ነው። መጨረሻዎቹ ሰዓታት ጭላንጭል ናቸው።

ስለ ውሃ የተጻፈውን ያንብቡ፦ አይፒኤክስ4 ፍንጣቂ ይችላል፣ ለክረምት ዝናብ ይበቃል። አይፒኤክስ7 በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል። አንገቱ እየተሳበ ብርሃን የሚሰበስበውና የሚበትነው ዓይነት ግን በዚያው በሚንሸራተተው አንገት ውሃና አቧራ ያስገባል። ካርቶኑ የፈለገውን ቢልም ዝናብ ውስጥ አያምኑት።

በፀሐይ ቻርጅ የሚደረግ መብራት የሚፈልጉ ከሆነ ቬራሶል የተባለውን የጥራት ማረጋገጫ ያለፈ መሆኑን ይጠይቁ። ቀድሞ ላይቲንግ ግሎባል ይባል የነበረው ነው። ትንንሾቹ መብራቶች ለማለፍ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና መስጠት አለባቸው፤ ደረሰኝዎን ይያዙ።

ሱቅ ውስጥ የአምስት ደቂቃ ፍተሻ

1. ባዶውን ጆሮዎ ጋ አድርገው ያወዛውዙት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ውስጡ የላላ አለ።

2. የኋላ ክዳኑን ይፍቱት። ጥርሱ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ሞላው ወፍራምና መሐል ላይ የቆመ ይሁን። በጥርሱ ሥር ጥቁር የጎማ ቀለበት ከሌለ ውሃ አይችልም።

3. ድንጋይ አስገብተው ማብሪያውን 20 ጊዜ ይጫኑት። አንዴም ቢስት ይተዉት፤ ቤትዎ ገብቶ አይሻሻልም።

4. አብርተው የእጅዎ መዳፍ ላይ መታ መታ ያድርጉት። ብልጭ ድርግም ካለ ግንኙነቱ ደካማ ነው።

5. ከአንድ ሜትር ነጭ ግድግዳ ወይም ወረቀት ላይ ያብሩት። መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ካለ ኤልኢዲው በአንጸባራቂው መሐል አልተቀመጠም። አንገቱን ስበው ብርሃኑን ሲሰበስቡ አራት ማዕዘን ቢታይ አይደንግጡ፤ የኤልኢዲው ገጽ ነው።

6. ዝቅ ባለው ብርሃን አብርተው በስልክ ካሜራ ይዩት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ከተንሸራተተ ብርሃኑ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው። ለመንገድ ምንም አይደለም፣ ለረጅም ንባብ ግን ዓይን ያደክማል።

7. የብርሃን ዓይነቶቹን ይቁጠሩ። ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ጠፋ ብሎ የሚያበቃው ከሁሉ ይሻላል። በየጊዜው ለማጥፋት ዓይን በሚወጋው ብልጭታ ውስጥ የሚያሳልፈው ያማርራል።

8. አምስት ደቂቃ ከፍ አድርገው ያብሩት። የብረት ባትሪ ጭንቅላቱ (ኤልኢዲው ያለበት የፊት ጫፍ) ሞቅ ማለት አለበት፤ ሙቀቱ ከኤልኢዲው ወደ አካሉ እየወጣ ነው። በጣም ደማቅ ሆኖ አካሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ ኤልኢዲው ላይ ታስሯል፤ ቶሎ ይቃጠላል።

9. ታይፕ ሲ ካለው በራስዎ የስልክ ገመድ ይሞክሩት። ብዙ ርካሾች ሁለት ትንንሽ ሬዚስተር ስለተቀነሰባቸው ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም፤ አንዱ ጫፍ ትልቁ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ይሞላሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ባትሪ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል።

ሁለት ባትሪ ለማወዳደር ጨለማ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ወደ ኮርኒስ አብርተው የስልክ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ያንብቡ። ስልኩን ከቦታው አያንቀሳቅሱ። ቁጥሩ ራሱ አይታመንም፤ የአንዱ ከሌላው ስንት እጥፍ መሆኑ ግን ይታመናል።

ብልጭ ድርግም ሲል

ከመጣልዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይስጡት። የኋላ ክዳኑን ውስጥ ሲያዩ ሞላውን የከበበ፣ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ ያለው የብረት ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ከጊዜ ብዛት ይላላል፤ ከሁሉም ብልሽት የሚበዛው ይኸው ነው። የመቀስ ሁለት ጫፍ ወይም ሹል ፒንሳ ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገብተው በሰዓት አቅጣጫ ያጥብቁት።

ካልሠራ ክዳኑን አውጥተው ድንጋዩን በቦታው እንዳለ ይተዉት። የተላጠ ሽቦ አንዱን ጫፍ የድንጋዩ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው አካል ጠርዝ ላይ፣ ቀለም ያልነካው ብረት ላይ፣ ለአፍታ ያስነኩ። ከበራ ጥፋቱ ማብሪያው ላይ ነው። ካልበራ ጥፋቱ የባትሪው ጭንቅላት ወይም ድንጋዩ ላይ ነው፤ በሌላ ድንጋይ ይሞክሩ።

ድንጋይ ፈስሶ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ከሠራ ጓንት ያድርጉ። አልካላይን የሚያፈሰው ቤዝ ስለሆነ በጥጥ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክረው ይጥረጉት፤ ይፋቃል፣ ይሟሟል። የተራው ድንጋይ ፈሳሽ አሲድነት ስላለው እርጥብ ጨርቅ ከጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ጋር ይበቃዋል። ከደረቀ በኋላ ድንጋዩን የሚነኩትን ቦታዎች በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ያድርጉ። የጎማ ቀለበቱን የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀቡት፤ የሞተር ዘይት ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል።

ከውጭ አገር ለሚመጣ

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለቤተሰብ የሚያመጣ ሰው ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ለጭነት መስጠት የለበትም፤ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው ነው የሚሄደው። ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ መሰኪያ ያለው ባትሪ በእኛ 220 ይቃጠላል፤ በዩኤስቢ የሚሞላ ይሁን። ሲአር123 የሚባለውን አጭር ድንጋይ የሚበላ ባትሪ አያምጡ፤ እናት ቤት የመጀመሪያው ድንጋይ ሲያልቅ በየሱቁ የሚያገኙት አይደለም።

የት ይቀመጥ

መብራት ሲጠፋ በጨለማ የሚፈለግ ባትሪ የለም እንደ ማለት ነው። በር አጠገብ፣ ሁሌ አንድ ቦታ፣ ሚስማር ላይ ይሰቀል፤ ጥቁር ከሆነ አካሉን በነጭ ፕላስተር ይጠቅልሉት፣ በትንሽ ብርሃንም ይታያል። ብዙ የማይነካውን ባትሪ ድንጋዩን አውጥተው ጎኑ ያስቀምጡት። በስሱ በሚነካ ቁልፍ የሚበራው ጠፍቶም ጥቂት ኃይል ይስባል፤ ክዳኑን ሩብ ዙር ቢያላሉት አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ይቋረጣል። ሊቲየም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ አይተው። በየሦስት ወሩ አውጥተው ይሙሉት፣ የሞሉበትንም ቀን በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉበት።